በገብስ ማሳ ላይ የታየ ክብ ሁሉ የጥንት መቃብር አይደለም

ጥያቄው፦ «የምኖረው በእንግሊዝ አገር፣ በኦክስፎርድ አቅራቢያ ነው። ሥራዬ ከአርኪዮሎጂ ጋር አይገናኝም። በጉግል ኧርዝ የአካባቢያችንን ዙሪያ ስቃኝ፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር ባለ አንድ የገብስ ማሳ ውስጥ ጠቆር ያሉ አረንጓዴ ክቦች አየሁ። ስለካቸው አንዱ 28 ሜትር፣ ሌላው 13 ሜትር ስፋት አላቸው፤ ትንሹ በምሥራቅ በኩል ክፍት ነው። ሦስተኛው 18 ሜትር ሆኖ ውስጡ የመስቀል ቅርጽ አለበት። በማሳው ጥግ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ መረብም ይታያል። በሌሎች ዓመታት በተነሡት ምስሎች ላይ ግን ምንም የለም። ይህ የቅድመ ታሪክ ሥፍራ ነው? መስቀል ያለበት የጥንት ክርስቲያኖች መቃብር ይሆን? የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዤ ብሄድስ? ደግሞስ በተወለድኩበት በመንዝ በዚሁ ዘዴ ጥንታዊ ቦታ ማግኘት ይቻላል?»

ምላሽ፦

በቅድሚያ መታረም ያለበት «ክቦች አየሁ» የሚለው አነጋገር ነው። ያዩት ገብስ ነው። በዓይንዎና ከመሬት በታች አለ ብለው በሚገምቱት ነገር መካከል የአፈሩ ጥልቀት፣ የዓመቱ ዝናብ፣ የሰብሉ ዓይነትና የፎቶው ቀን ቆመዋል፤ ከእነዚህ አንዱ ቢለወጥ ምስሉም ይለወጣል። እኛ በሙያው የምንሠራ ሰዎች «የሰብል ምልክት» የምንለው ይህንኑ ሲሆን፣ ምልክቱን በትክክል ማንበብ የሚቻለው ገብሱ ለምን እንደዚያ እንደበቀለ ከታወቀ በኋላ ብቻ ነው።

መንዝ ተወልዶ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የፈረሰ ቤት ኦና ታርሶ ገብስ ሲዘራበት፣ ሰብሉ ከዙሪያው ካለው ይልቅ ጠቁሮና ረዝሞ እንደሚበቅል፣ በረት የነበረበት ቦታም ለዓመታት በቡቃያው እንደሚለይ ማንም ገበሬ ያውቃል። የድሮ ካብ በተቀበረበት መስመር ላይ ደግሞ ቡቃያው ይቀጭጫል፤ ከሌላው ቀድሞ ቢጫ ሆኖም ይደርሳል። በቴምዝ ዳር የሆነው ይኸው ነው። ልዩነቱ ኦናው የአያት ቤት መሆኑ ቀርቶ ምናልባት የ4000 ዓመት ዕድሜ ያለው መሆኑ ነው።

አሠራሩን በቅርብ እንየው። በጠጠራማ መሬት ላይ አንድ ሰው አንድ ሜትር ተኩል ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፈረ እንበል። ቦዩ ከጊዜ በኋላ በጎርፍ በታጠበ ደቃቅ አፈር፣ በብስባሽና በጉድፍ ይሞላል። ከዚያ የማረሻ ዘመን ይመጣና ከላይ ያለውን ጉብታ ሁሉ ደልድሎ ሜዳ ያደርገዋል፤ በእግር የሚሄድ ሰው ምንም አያይም። ከታች ግን ልዩነቱ አለ። ዙሪያው ያለው ጠጠር ውኃን አያቆይም፣ የተሞላው ቦይ ግን እንደ ሰፍነግ ይይዛል። የገብስ ሥር አመቺ ሁኔታ ካገኘ ከአንድ ሜትር በላይ ስለሚወርድ፣ ዝናብ ጠፍቶ የላይኛው አፈር ሲደርቅ በቦዩ ላይ ያለው ተክል ከታች እየሳበ አረንጓዴነቱን ይጠብቃል፤ በጠጠሩ ላይ ያለው ግን ውኃ አጥቶ ቀድሞ ይገረጣል። የቀለም ልዩነቱ ጥቂት ቀናት ወይም ጥቂት ሳምንታት ይቆያል፤ ቁመቱም ስለሚለያይ ጠዋትና ማታ ፀሐይ ስታዘነብል ረጅሙ ገብስ በአጭሩ ላይ ጥላ ይጥላል። የተቀበረ የድንጋይ ግንብ ወይም የተነጠፈ መንገድ ከሆነ ውጤቱ ተገላቢጦሽ ነው፤ አፈሩ ስስ ስለሚሆን ሰብሉ ያጥራል፣ ይሳሳል፣ ፈጥኖም ይነጣል።

«ጠቆር ያለ አረንጓዴ ከሆነ ቦይ፣ ቢጫ ከሆነ ግንብ» የሚለውን ሕግ ግን ሳይጠራጠሩ አይውሰዱት። በጣም እርጥብ በሆነ ጸደይ ውኃ የቋጠረው ቦይ ተክሉን ሊያፍነውና ከዙሪያው ያነሰ ሊያደርገው ይችላል። በአዝመራው መጨረሻ ላይ ደግሞ ዙሪያው ሁሉ ደርሶ ሲያበቃ ቦዩ ብቻውን ቢዘገይ ለምልክቱ ይጠቅማል፤ ድርቁ ከበረታና ቦዩም ከደረቀ ግን ልዩነቱ ይጠፋል። ስለዚህ ምስሉ በየትኛው ቀን እንደተነሣና ሰብሉ በቡቃያ፣ በመዘርዘር ወይም በእሸት ደረጃ ላይ መሆኑን ሳያውቁ ቀለሙን ብቻ አይተው አይፍረዱ።

በሌሎች ዓመታት ምስሎች ላይ ምንም አለመታየቱ ያስገረመዎት ይመስላል። ለእኔ የሚያስገርመኝ በየዓመቱ ቢታይ ነበር። ምልክቱ እንዲወጣ መሬቱ ውኃ የማያቆይ መሆን አለበት፤ ጠጠር፣ አሸዋና ነጭ የኖራ መሬት ጥሩ ናቸው፣ ከባድ የሸክላ አፈር ግን እምብዛም አያሳይም። ሰብሉም መመቸት አለበት። ገብስ ከሁሉ ይሻላል፣ ስንዴና አጃ ይከተላሉ፤ አተርና ባቄላ አንዳንዴ ያሳያሉ፤ ሣር ግን ብርቱ ድርቅ ካልመታው በቀር ዝም ነው። የእንግሊዝ ገበሬ ሰብል ስለሚያፈራርቅ ዘንድሮ ገብስ የነበረው ማሳ በሚቀጥለው ዓመት ጎመንዘር ወይም የግጦሽ ሣር ሊሆን ይችላል። ከዚያ ላይ ዝናቡ በሚፈለገው ወቅት መቅረት፣ ሳተላይቱም በሰኔና በሐምሌ መካከል ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ደመና በሌለበት ቀን ማለፍ አለበት። አንድን ማሳ ለ20 ዓመት አይተው አንድ ጊዜ ብቻ ቢመልስልዎት ያልተለመደ ነገር አይደለም። ባዶ ምስል «እዚህ ምንም የለም» ለማለት ማስረጃ አይሆንም፤ «ዛሬ አልታየም» ብቻ ነው የሚለው።

ለዚህ የሚጠቀሰው ጥሩ ምሳሌ አየርላንድ ውስጥ የሆነው ነው። ኒውግሬንጅ የሚባለው ታላቅ የድንጋይ መቃብር ያለበት የቦይን ወንዝ ሸለቆ እጅግ ከተጠኑት የአውሮፓ ሥፍራዎች አንዱ ነው። ሆኖም በሐምሌ 2018 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚያ ብርቱ ድርቅ አንቶኒ መርፊና ኬን ዊልያምስ የተባሉ ሁለት ሰዎች ድሮን ሲያበሩ፣ 150 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ በእጥፍ ቦይና በጉድጓዶች ረድፍ የተከበበ ግዙፍ ክብ ከፊታቸው ተዘረጋ። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አላወቀውም ነበር።

ነገሩ በአውሮፕላን ዘመን የተጀመረም አይደለም። እንግሊዛዊው የታሪክ ሰው ዊልያም ካምደን በ1586 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በኬንት አውራጃ ሪችቦሮ በተባለ የሮማውያን ከተማ ፍርስራሽ ላይ እህሉ ሲበቅል የመንገዶቹ መስመር እንደሚለይ፣ መንገዶቹ በሚያልፉበትም እህሉ ስስ እንደሚሆን ጽፏል። አውሮፕላኑ የጨመረው ከፍታን ነው። የአገሪቱ የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያው የአርኪዮሎጂ ሹም የነበረው ኦ. ጂ. ኤስ. ክሮፎርድ፣ የአየር ኃይል ፎቶዎችን ሲመረምር በደቡብ እንግሊዝ ካለው የጥንት የድንጋይ ክብ ከስቶንሄንጅ የሚነሣውን የጥንት ጎዳና የጠፋ ክፍል አገኘ፤ በ1923 መሬቱን አስቆፍሮም ቦዮቹ በተጠበቁበት ቦታ መኖራቸውን አረጋገጠ። የዚህ ታሪክ ቁም ነገር፣ ክሮፎርድ ፎቶውን አይቶ አለማቆሙ ነው።

የበለጠ የሚያስተምረው ከስቶንሄንጅ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ውድሄንጅ ነው። ቦታው ከዚያ በፊት ይታወቅ ነበር፤ ባለሙያዎች በማረሻ የተደለደለ ተራ የመቃብር ጉብታ ነው ብለው መዝግበውት አልፈዋል። በታኅሣሥ 1925 ጊልበርት ኢንሳል የተባለው የአየር ኃይል መኮንን ከላይ ሲያልፍ በክቡ መካከል ነጫጭ ነጥቦች አየ። በቀጣዩ በጋ ማሳው ላይ የተዘራው ስንዴ ሲያድግ ነጥቦቹ በተደራራቢ ክቦች ተሰልፈው ወጡ። ከ1926 ጀምሮ ሞድ ከኒንግተንና ባለቤቷ ሲቆፍሩት እያንዳንዱ ነጥብ በኒዮሊቲክ (በአዲሱ የድንጋይ) ዘመን ትልቅ የእንጨት ምሰሶ የቆመበት ጉድጓድ ሆኖ ተገኘ፤ ጉድጓዶቹም በስድስት ሞላላ ረድፎች የተደረደሩ ነበሩ። ከመሬት ላይ ሲታይ «የታወቀ» የነበረው ነገር ከአየር ሲታይ ሌላ ሆነ፤ ከአየር የታየውንም ያጸናው ቁፋሮ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ማሳ። የ28 ሜትሩ ክብ ከሁሉም ይልቅ ተስፋ የሚሰጥ ነው። በቴምዝ ጠጠር ላይ ከ10 እስከ 40 ሜትር የሚደርሱ፣ መግቢያ የሌላቸውና ክብነታቸው የተስተካከለ ቦዮች በብዛት ይገኛሉ፤ አብዛኞቹም በነሐስ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከተሠሩ የመቃብር ጉብታዎች የቀሩ ናቸው። ጉብታው ራሱ ታርሶ ጠፍቷል፤ አፈሩ የተወሰደበት ዙሪያው ቦይ ግን ቀርቷል። ቦታው፣ ስፋቱና ቅርጹ አንድ ላይ ስለሚስማሙ «የነሐስ ዘመን የመቃብር ጉብታ ሊሆን ይችላል» ብዬ ለመጻፍ አላመነታም። «ነው» ብዬ ግን አልጽፍም።

በምሥራቅ በኩል የተከፈተው የ13 ሜትሩ ክብ ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላል። የብረት ዘመን ሰዎች ክብ ቤት ሲሠሩ ከክዳኑ የሚወርደውን ውኃ ለማስወገድ በዙሪያው ጠባብ ቦይ ይቆፍሩ ነበር፤ በሩም ብዙ ጊዜ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይዞር ነበር። መስመሩ ከ28 ሜትሩ ይልቅ ቀጭን ሆኖ ከታየ የቤቱ ግምት ይጠነክራል። መስመሩ ወፍራም ከሆነና ክፍተቱ በሰብሉ መሳሳት ብቻ የመጣ ከመሰለ ደግሞ ሌላ ትንሽ የመቃብር ክብ ይሆናል። ምስሉን አጉልተው የመስመሩን ውፍረት ይለኩ፤ ይህ ልኬት ከቀለሙ የበለጠ ይናገራል።

መስቀል ያለበት ክብ ክርስቲያናዊ መቃብር አይመስለኝም፤ ቅድመ ታሪክም ላይሆን ይችላል። በእንግሊዝ ከ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የነፋስ ወፍጮዎች በአንድ ትልቅ ምሰሶ ላይ ይቆሙ ነበር። ምሰሶው እንዳይወድቅ ከሥሩ ሁለት ወፋፍራም ግንዶች በመስቀል ቅርጽ ይጋደሙና ብዙ ጊዜ በአፈር ይቀበሩ ነበር፤ አፈሩም በዙሪያው ከተቆፈረው ቦይ ይወሰድ ነበር። ወፍጮው ከፈረሰ በኋላ የሚቀረው ክብ ቦይና በውስጡ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጉድጓድ ነው፤ ልክ እርስዎ እንዳዩት። ነገሩን የሚያወሳስበው አንዳንድ ወፍጮ ሠሪዎች ድካም ለመቀነስ ቀድሞ የነበረውን የነሐስ ዘመን ጉብታ ራሱን መጠቀማቸው ነው። ስለዚህ አንዱ ክብ የሁለት ዘመን ሥራ ሊሆን ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ ፎቶው አይነግረንም።

የሸረሪት ድር የመሰለው መረብ የሰው እጅ ሥራ አይደለም። በበረዶ ዘመን መሬቱ በቅዝቃዜ ተኮማትሮ ሲሰነጣጠቅ ስንጥቆቹ በደቃቅ አፈር ተሞልተው ቀርተዋል፤ ዛሬም እንደ ማንኛውም ቦይ ውኃ ይይዛሉ። ጀማሪዎች «የጥንት ከተማ መንገዶች» እያሉ የሚልኩልኝ ብዙውን ጊዜ ይህንን ነው። በአንድ በኩል ግን ደስ ሊለን ይገባል፦ መረቡ ከታየ በዚያ ዓመት ማሳው ምልክት ለማውጣት ምቹ ነበር ማለት ነው፤ ክቦቹም የካሜራ ስህተት አይደሉም።

ሌሎች አሳሳቾችንም ማስወገድ አለብዎት። በየ12 ወይም በየ24 ሜትሩ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሄዱት መስመሮች የመርጫ ትራክተር ጎማ መንገዶች ናቸው። የዓሣ አጥንት የመሰለው የተቀበረ የማሳ ውኃ ማፍሰሻ ቧንቧ ነው። እየተጠማዘዘ የሚሄድ ሰፊ ጥቁር ጥላ የድሮ ወንዝ መሄጃ ነው። ክብ የሆነውም ነገር ሁሉ ጥንታዊ አይደለም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፀረ አውሮፕላን መድፍና የመፈለጊያ መብራት የተተከለባቸው ቦታዎች ክብ ናቸው፣ እንጉዳይ በሣር ላይ ክብ ይሠራል፣ የፍግ ክምር ያረፈበትም ያስታውቃል። እኔ ራሴ በሥራዬ መጀመሪያ ላይ በአንድ የግጦሽ ማሳ አምስት ትናንሽ ክቦች አይቼ «የብረት ዘመን መንደር» ብዬ በኩራት ሪፖርት ጽፌ ነበር። ባለ መሬቱ ሰነዱን አይቶ ሣቀ፤ ክቦቹ በክረምት የከብት ገለባ የሚቀመጥባቸው ክብ ብረቶች የነበሩባቸው፣ ላሞቹም እየዞሩ የረገጧቸው ቦታዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ባለ መሬቱን ሳልጠይቅ ግምቴን በጽሑፍ አላሰፍርም።

አንድ ገደብ በግልጽ መነገር አለበት፦ ፎቶ ቅርጽ ይሰጣል እንጂ ዘመን አይሰጥም። «ቅድመ ታሪክ» የምንለው፣ ቅርጹ በሌላ ቦታ ተቆፍረው ዘመናቸው ከታወቀ ሥፍራዎች ጋር ስለሚመሳሰል ነው። አንዳንዱ ቅርጽ በራሱ ጠንካራ ምስክር ነው። ረጅም ርቀት የሚሄዱ ትይዩ ቦዮች ያሉት ኩርሰስ የሚባለው የኒዮሊቲክ ሥራ፣ ለምሳሌ 10 ኪሎ ሜትር የሚያህለው የዶርሴት ኩርሰስ፣ ከሌላ ነገር ጋር በቀላሉ አይምታታም። በየቦታው እየተቆራረጠ የሚዞር ቦይ ያለው የኒዮሊቲክ ግቢም እንዲሁ ይለያል። አራት ማዕዘን ግቢ ግን የብረት ዘመን፣ የሮማውያን ወይም የመካከለኛው ዘመን ሊሆን ይችላል። በጀርመን ጎሴክ ላይ በ1991 ከአየር የታየው 75 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 4900 ዓመት አካባቢ የተሠራ መሆኑ የታወቀው ተቆፍሮ የተገኙት ነገሮች ከተመረመሩ በኋላ ነው። ተቃራኒውም ገደብ አለ። መሬት ያልቆፈረ ሕዝብ በሰብል ላይ አይታይም። የድንጋይ መሣሪያ ጥሎ ያለፈ የአዳኝ ሰፈር ቦይም ጉድጓድም ስለሌለው፣ ምንም ያህል ጥንታዊና ጠቃሚ ቢሆን ገብሱ አይመሰክርለትም።

የብረት መፈለጊያ ይዘው እንዲሄዱ አልመክርም፤ በዚህ ላይ ማለሳለስ አልፈልግም። ያለ ባለ መሬቱ ፈቃድ መግባት አይቻልም። ቦታው በሕግ የተመዘገበ ቅርስ ከሆነ ደግሞ ባለ መሬቱ ቢፈቅድልዎት እንኳ ያለ ልዩ ፈቃድ መሣሪያውን መጠቀም በ1979 የቅርስ ሕግ መሠረት ወንጀል ነው። ወርቅና ብር ቢያገኙ በ1996 የወጣው ሕግ በ14 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ከሕጉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የነሐስ ዘመን መቃብር ዋጋው ያለው ዕቃው ከየትኛው የአፈር ንብርብር፣ ከየትኛው አጥንት ጎን እንደተገኘ በመታወቁ ነው፤ አንዴ የተጎለጎለ ጉድጓድ ተመልሶ አይነበብም። በዚሁ ምክንያት የማሳውን ትክክለኛ ቦታ በማኅበራዊ ሚዲያ አይለጥፉ፤ ሌሊት በባትሪ የሚመጡ ቆፋሪዎች እንዲህ ያለውን ልጥፍ ያነባሉ።

ማድረግ ያለብዎት ይህ ነው። በጉግል ኧርዝ የጊዜ መስመር ላይ ወደ ኋላ እየሄዱ የእያንዳንዱን ምስል ቀን ይመዝግቡ፤ ምልክቱ የታየበትንም ያልታየበትንም። ቀጥሎ የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በነጻ የሚለቀውን የላይዳር (ከአውሮፕላን በሌዘር የተለካ የመሬት ከፍታ) መረጃ ያመሳክሩ፤ ከዐይን የተሰወረ የጉብታ ቅሪት በጥቂት ሳንቲ ሜትር ልዩነትም ሊታይ ይችላል። ከዚያ የእንግሊዝን ቅርስ የሚከታተለውን የሂስቶሪክ ኢንግላንድን የአየር ፎቶ ካርታ ይክፈቱና ማሳው ቀድሞ ተመዝግቦ እንደሆነ ይዩ። ይህንን ደረጃ እንዳይዘሉት የምለው በምክንያት ነው፦ የኦክስፎርዱ ሻለቃ ጆርጅ አለን በ1930ዎቹ የራሱን ትንሽ አውሮፕላን እያበረረ ይህንኑ የቴምዝ ጠጠር መሬት በስፋት ፎቶ አንሥቷል፤ ፎቶዎቹም በአሽሞሊያን ሙዚየም ይገኛሉ። ያገኙት ክብ ቀደም ብሎ የታወቀ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ልፋትዎ ከንቱ አይደለም፤ በተለየ ዓመትና በተለየ ሰብል የተነሣ አዲስ ምስል አሮጌው ያላሳየውን ሊጨምር ይችላል። አዲስም ሆነ አሮጌ፣ ምስሉን ከቀኑ፣ ከካርታ ቁጥሩና ከልኬቱ ጋር ለአውራጃው የታሪካዊ ቅርስ መዝገብ ይላኩ። በደብዳቤዎ ላይ «መቃብር አገኘሁ» አይበሉ፤ «28 ሜትር ስፋት ያለው፣ መግቢያ የማይታይበት ክብ የሰብል ምልክት» ብለው ያዩትን ብቻ ይጻፉ። ትርጓሜውን በሌላ አንቀጽ ያድርጉት።

ድሮን ካለዎት በሚቀጥለው ደረቅ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ባለ መሬቱ ፈቅዶ፣ ከ120 ሜትር ሳይበልጡ ያንሱት። በቀጥታ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ካሜራውን አዘንብለው፣ ከየአቅጣጫው ያንሱ። ከፀሐይ ትይዩ ሲታይ ደብዛዛ የነበረው ምልክት በሌላ በኩል ሲዞሩ ቁልጭ ብሎ ሊወጣ ይችላል።

የመንዙን ጥያቄ በመጨረሻ ያመጡት ቢሆንም ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። ዘዴው በኢትዮጵያ አይሠራም ማለት አይደለም፤ የእንግሊዙን ልምድ እንዳለ ገልብጦ መውሰድ ግን አያዋጣም። በቴምዝ ምልክቱን የሚያወጣው በሰብሉ እድገት መካከል የሚመጣ የውኃ እጥረት ነው። በእኛ ደጋ የመኸር ሰብል የሚያድገው ክረምቱ እየወረደ ሳለ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ አፈሩ ሁሉ ጠግቦ ስለሚውል ቦይና ሜዳ አይለዩም። ተስፋ ያለው ጊዜ ዝናቡ ከወጣ በኋላ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፣ ሰብሉ ከእሸት ወደ መድረስ ሲሄድ ነው። የበልግ ገብስ ዝናቡ ሲያጥረው ይበልጥ ሊያሳይ ይችላል። ጤፍ ሥሩ እንደ ገብስ ወደ ታች ስለማይወርድ ብዙ አልጠብቅበትም። ዋልካ አፈርም ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ የራሱን መረብ ስለሚሠራ ያሳስታል።

በመንዝ ከቦይ ይልቅ የድንጋይ ካብ ነው የሚፈለገው። ቤቱ የድንጋይ፣ አፈሩም በብዙ ቦታ ስስ ስለሆነ፣ የተቀበረ የግድግዳ መሠረት ካለ በቀጨጨና ቀድሞ በነጣ የገብስ መስመር መታየት ይችላል። አሳሳቾቹ ግን እዚያም አሉ። አውድማ ክብ ነው፣ ተረግጦና በእበት ተለቅልቆ ስለሚጠነክር ለዓመታት ይታወቃል። የእህል ክምር ያረፈበት፣ በረት፣ ጉረኖ፣ ከሰል የተከሰለበት ጉድጓድ፣ ከ50 ዓመት በፊት የፈረሰ ጎጆ፣ ሁሉም ክብ ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ ክብ ሳይ የነሐስ ዘመን ትዝ ይለኛል፤ መንዝ ውስጥ ግን መጀመሪያ የማስበው አውድማን ነው። የማሳውም ጥበት ችግር ነው፤ አንድ ቅርጽ በሦስት ሰዎች ማሳ ላይ ቢያርፍና አንዱ ገብስ፣ ሌላው ባቄላ፣ ሦስተኛው ምስር ቢዘራ፣ የሚታየው የቅርጹ ሲሶ ብቻ ይሆናል። በኢትዮጵያ ቅድመ ታሪክ ሲባል ስማቸው የሚጠራው እንደ መልካ ቁንጥሬ ያሉ ሥፍራዎችም የሰው ዘር ከ2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ጀምሮ የድንጋይ መሣሪያ የተዉባቸው ናቸው፤ ቀደም ብዬ እንዳልኩት እንዲህ ያለውን ሰብል አያሳየውም፤ በወንዝ ዳር በተናደ ገደል ላይ ነው የሚገኘው።

ስለዚህ ለመንዝ ቅደም ተከተሉን እንዲገለብጡት እመክራለሁ። በኦክስፎርድ ከምስል ተነሥተው ወደ ሰው ይሂዱ፤ በመንዝ ግን ከሰው ተነሥተው ወደ ምስል። ለእረፍት ሲሄዱ ሽማግሌዎችን የትኛው ማሳ ኦና እንደሚባል፣ ማረሻ የትኛው ቦታ ላይ ድንጋይ እንደሚያወጣ፣ የድሮው አውድማ የት እንደነበረ ይጠይቁና በካርታ ላይ ያስፍሩ። ከዚያ በኋላ ነው የቆዩ ፎቶዎችን ማየት የሚጠቅመው። ከ1935 እስከ 1941 ጣሊያኖች በኢትዮጵያ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ የአየር ፎቶዎች አንሥተዋል፤ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹም ለካርታ ሥራ ሌሎች ተነሥተዋል። እነዚህ ትራክተርና አዳዲስ ቤቶች ከመምጣታቸው በፊት የነበረውን መሬት ያሳያሉ፤ የእርስዎ አገር በውስጣቸው ካለ ሽማግሌዎቹ «አውድማ» ያሉት ክብ በዚያን ጊዜም አውድማ እንደነበር ማረጋገጥ ይችላሉ። ድሮን ግን ያለ መንግሥት ፈቃድ ወደ አገር ቤት ይዘው አይግቡ፤ አካፋም አያንሡ። በ2000 የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቁፋሮን ያለ ፈቃድ ይከለክላል። ሽማግሌዎቹ ስም የሰጡት፣ በአሮጌው ፎቶም ላይ የቆመ፣ አውድማም በረትም ያልሆነ ቅርጽ ከተረፈዎት፣ ያንን ከእነ ቦታው ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን በጽሑፍ ያቅርቡ።